ገሃነም ማለት ይኸው ነው

መምህሩ ተማሪዎቹን እስከ ከተማው ቆሻሻ መጣያ የጎተታቸው ሊያፌዝ ነበር።

«ገሃነም ማለት ይኸው ነው» አላቸው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፤ «ከከተማ ውጭ የሚጨስ የጥራጊ ክምር! እናቶቻችሁ ደግሞ እሳቱ አይጠፋም ሲባሉ ይንቀጠቀጣሉ። ጉድ እኮ ነው!»

በእጁ ከያዘው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃውን ጨለጠና እንደ ልማዱ ክዳኑን በጥርሱ ነክሶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ ባዶውን ፕላስቲክ ወረወረው።

የመጣያው ዘበኛ ጎንበስ ብሎ አነሳው። «ጋሼ፣ ትናንትም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«እኔ? እዚህ ረግጬ አላውቅም! ጭሱ ራስህን አዙሮታል፣ ሰውዬ።»

«ይሄንንም ብለው ነበር።»

መምህሩ እየሳቀ ተማሪዎቹን ጠቀሳቸው። ዘበኛው ፕላስቲኩን ከጎጆው ጀርባ ካለው ክምር ላይ ጣለው። መምህሩ በዓይኑ ተከተለው። ክምሩ ቤት ያህላል፤ ሁሉም ያንኑ የመሰለ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ እያንዳንዱም ክዳን በጥርስ ተነክሷል።