ዱካ የማይተው እንግዳ

ባሏ ለሽርሽር እንኳን ሕግ ነበረው።

"ገጠር ሄደን ገጠሩን አበላሽተን አንመለስም" አለ ሻንጣዋን እየበረበረ። ሁለቱን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በምትኩ የብረት ኮዳ ሰጣት። ሳሙናዋን አሸተተው። "ይሄ ዓሣ ይገድላል። ይቅር።"

ፋርማሲስቷ ሚስቱ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት በፌስታል እያደረገች ስትሰጥ ለምትውል ሴት፣ እንዲህ ያለ ባል ማግባት ቅጣትም ስርየትም ነው። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የቀድሞ ሚስቱ የለስላሳ ጠርሙስ በመኪና መስኮት የምትወረውር ዓይነት እንደነበረች ነግሯታል። አንድ ቀን ድንገት ጥላኝ ባሕር ማዶ ሄደች ብሏል። ከዚያ በላይ አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

መኪናቸውን ቤት ትተው በአውቶቡስ ሄዱ፤ መንገዱ ካለቀበት ደግሞ በእግር። ወቅቱ ጎብኚ የማይመጣበት ነበር። ባሏ ሆን ብሎ የመረጠው ነው፤ ሰው በሚጎርፍበት ጊዜ ሄዶ ጫካውን ማጨናነቅ አይወድም። ሜዳው ላይ ቆማ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ልትልክ ስትል እጇን ያዘው።

"ቦታውን ለማንም አትንገሪ። ዛሬ አንቺ ትልኪያለሽ፣ ነገ መንጋው ይመጣል።"

"ለእህቴ እኮ ነው!"

"የእህትሽ አፍ ደግሞ ያርፋል?"

እውነቱን ነው፤ አያርፍም። ስልኩን አጠፋችው።

ማረፊያው ጫካው ጥግ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። በሩን የከፈተላቸው ጠባቂው ነው፤ ሽበታም፣ መለሎ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ። ባሏን አየው። እሷን አየ። እንደገና ባሏን አየው። ቁልፉን ሰጣቸውና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

"ዲዳ ነው እንዴ?" አለች ክፍል ሲገቡ።

"ሰው ያልለመደ ነው፣ ተይው" አለ ባሏ መጋረጃውን እየዘጋ።

በማግስቱ ጫካ ገቡ። ሣር እንዳይረግጡ ባሏ ከፊት ሆኖ በቀጭኗ መንገድ ይመራል፤ እሷ እግሯን የእሱ እግር ባረፈበት እያሳረፈች ትከተላለች። የብርቱካን ልጣጭ እንኳን ኪሱ ውስጥ ነው የሚከተው። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ቆም አይልም።

"እንዴት አወቅከው?"

"ካርታውን ሸምድጄዋለሁ።"

ከዚያ ወፎቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ዞር ስትል ከዛፎቹ መሃል የጎማ ቦት ጫማ አየች። ከላይ ፊት አልነበረም፤ ቅጠል ነው። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ጫማውም ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር እግሯን ስትነክር እንደገና አየችው። ማዶ ነው፤ ቆሟል። አይሸሸግም፣ ሰላም አይልም። ዓይኑን አይነቅልም።

"ጥላ አበጀን" አለች ለባሏ፣ ቀልድ አስመስላ።

ባሏ አልሳቀም። መንጋጋው ሲጠብቅ አየችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣዋን ልታሰጣ ብቻዋን ወደ ግቢ ወጣች። ጠባቂው ከየት መጣ ሳትል አጠገቧ ቆሟል።

"ቤተሰብ አለሽ፣ ልጄ?"

ያ ነው የመጀመሪያ ቃሉ። ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

"አሉኝ።"

"እዚህ መሆንሽን የሚያውቅ አለ?"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሰውየው ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ባሏ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ጠባቂው አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓሮ ዞረ። እሷ ባሏ ደረት ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። ቃል በቃል ነገረችው። ደግማም ነገረችው።

"ይሄ ሰው ጤነኛ አይደለም" አለ ፀጉሯን እየደባበሰ። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጥቶ ለቤቱ ባለቤት ደወለ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል። "አለቀ። ነገ ጠዋት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከእንግዲህ እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ከመጡ ወዲህ እንደዚያን ዕለት እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም።

ጠዋት ባሏ ቀድሞ ለበሰ። "ምርጡን ለመጨረሻ ነው ያቆየሁልሽ። ፏፏቴው አናት ላይ እንወጣለን፤ ከዚያ ላይ ቁልቁል ሲታይ ታምር ነው። ስልክሽን እዚሁ ተይው፤ ከእጅሽ ቢያመልጥ ባትሪው ውኃውን ይመርዛል።" ኮዳዎቹን አንጠልጥሎ ወጣ።

ስልኳን ትራስ ሥር አደረገችና ጫማዋን አስራ ተከተለች። ግቢው ውስጥ ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ጓዙን በገመድ ያስራል። በቀን ብርሃን፣ ሥራውን አጥቶ ሲታይ፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ሽማግሌ ነው፤ ገመዱን ለመቋጠር ደጋግሞ ይሞክራል። አሳዘናትም፣ አናደዳትም።

"አባባ፣ ቆይ ምን አድርገንዎት ነው?" አለችው። "ለምንድን ነው እንደዚያ ሲከታተሉኝ የሰነበቱት?"

ቀና አለ። ዓይኑ እሷን አልፎ ጫካው አፍ ላይ ቆሞ እጁን ወደሚያወዛውዘው ባሏ ሄደ።

"ነይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ!" እያለ ይጣራል ባሏ። "ፀሐይ ሳይበረታ!"

"እሱ አያስታውሰኝም" አለ ጠባቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያኔ የጫካው ዘበኛ ነበርኩ፤ ከሩቅ ነው ያየሁት።"

"ምኑን?"

"እኔ አንቺን መች ተከተልኩ፣ ልጄ። እሱን ነው እንጂ፤ ባለፈው ይዟት የገባውን ሴት ይዟት አልወጣም።"