ሙት አክሲዮን ይገዛል?

ባሏ ለሥራ ወደ ጠረፍ እንደሄደ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከመሄዱ በፊት ከባንክም፣ ከኢንሹራንስም፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካም ትንሽ ትንሽ አክሲዮን ገዝቶ፣ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘናል። ብቻ እንዳትነካኪው» ብሏት ነበር።

ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ፣ «ኧረ ተዝካሩን አውጪለት፤ ነፍሱን አሳርፊው» ትላታለች።

«ሙት አክሲዮን ይገዛል?» ትመልሳለች እሷ። በየዓመቱ ባንኩ ሄዳ የባሏን አክሲዮን ስትጠይቅ «ጨምሯል» ይሏታል። ሌላ ነገር አትጠይቅም። የሆነ ቦታ ሆኖ እየገዛ ነው። ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች።

ዘንድሮ መስኮቱ ላይ ያገኘችው አዲስ ሠራተኛ ነበር።

«ጨምሯል፣ እናቴ።»

ዘንድሮ ግን አላስቻላትም። «መቼ መጥቶ ገዛ? ከስቷል?»

ወጣቱ ግራ ገባው። «ማንም አልመጣም። ባለቤትዎ ትርፉ መልሶ አክሲዮን እንዲገዛበት ያኔውኑ ፈርመዋል። ሰው ሳይነካው በራሱ ነው የሚያድገው።»

«እንግዲያው እንዳትነካው ልጄ» አለችው።

ስትመለስ እትዬ ስንዱን ከደጇ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ለጠላው ጌሾ ከየት ነው የሚገዛው?»

ማታ ግን በሩን እንደ ልማዷ ሳትቀረቅር ተኛች።