ባዶዋ መያዣ

የመጨረሻውን ብሎን ፈትታ የመለኪያ ማሽኑን ማቀዝቀዣ ክዳን ስታነሳ፣ የሚለካው መስታወት የለም።

እጇን ሰዳ ትዳብሳለች። ትንሿ የነሐስ መያዣ ቦታዋ ላይ ናት፤ ብርሃን የሚያጥፈው ባለሦስት ጎን መስታወት፣ ፕሪዝሙ፣ ግን ውስጧ የለም። ማሽኑ ያለማንም እርዳታ ስድስት ቀን ሙሉ ሲለካ ሰንብቷል፤ ብርሃን ይልካል፣ መስታወቱ ምን ያህል እንዳጠፈው ያነባል፣ ቅዝቃዜውን ጨምሮ ደግሞ ይለካል። ቁጥሮቹ አንዱም ሳይዛነፍ ኮምፒውተሩ ላይ ተደርድረዋል። ትናንት ፈርማ ለአለቃዋ ልካቸዋለች። ወደ ሕዋ የሚላክ ሌንስ በእነዚያ ቁጥሮች መሠረት ሊሠራ ነው።

መስታወቱን የሞረዱትን ሽማግሌ ትጠራቸዋለች። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት ብለው ድርቅ ይላሉ። ከዚያ እጃቸው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል።

ሲያወጡት ትንሽ ሣጥን ይዟል። ፕሪዝሙ በጥጥ እንደተጠቀለለ ነው።

«ሰሞኑን እንዲህ ያስረሳኛል» ይላሉ ወለል ወለሉን እያዩ። «ቤት ላሉትም አልነገርኩ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይለምኗታል። አሁን ቦታው ብትመልሰው ማንም አያውቅም፣ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ወር ነው፣ ቁጥሩም ቢሆን እንከን የለበትም።

አንጀቷን ይበሉታል። ቢሆንም ስልኩን አንስታ ውጤቱ እንዳይሠራበት ለአለቃዋ ትነግረዋለች።

«መያዣዋ ባዶ ነበረች፤ ውስጡን ሳላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች።

አለቃዋ፣ «ታዲያ ማሽኑ ስድስት ቀን ምን ሲለካ ነበር?» ይላታል።

ስልኩን ዘግታ የማሽኑን ቀይ ጨረር ታበራለች። መንገዱ ላይ ምንም ስለሌለ ብርሃኑ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ መሐል ማረፍ ነበረበት። ቀዩ ነጥብ ግን ክንድ ያህል ወደ ግራ ሸሽቶ ያርፋል፤ ፕሪዝሙ ቢኖር ኖሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ።

ሽማግሌው ፕሪዝሙን በአንድ እጃቸው እንደጨበጡ ይጠጋሉ። ማቀዝቀዣው ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል፤ ብረቱ ሁሉ እንደ ክፍሉ ለብ ብሏል። ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ባዶዋ መያዣ ይሰዳሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

ጣታቸው ገና አየር ላይ ሳለ፣ መያዣዋን ሳይነካ፣ የማይታይ ነገር እንደገታው ይቆማል። የሚሞርዱትን መስታወት ጠርዝ እንደሚፈትሹት ሁሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ታች ያንሸራትቱታል። ግድግዳው ላይ ቀዩ ነጥብ ይንቀጠቀጣል።

ጣታቸውን ሲመልሱ ጫፉ ላይ ነጭ አመዳይ ጋግሯል።