ሦስት ሲሶ ለአራት ሰው

ዘርአ ዳዊት ቢላዋውን ከድፎ ዳቦው ላይ ሲያነሳ ወልደአረጋይ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ዳቦው እኩል ሦስት ቦታ ተቆርሷል። ተማሪዎቹ ግን አራት ናቸው።

የባሕረ ሐሳብ ጣጣ ነው። እነዚህ ጎረምሶች ሰሞኑን አንኮበር፣ ከየኔታ ገብረመንፈስቅዱስ ጎጆ ተቀምጠው የበዓላትን ቀን ማስላት ይማራሉ። በስሌቱ መሀል ተካፍሎ ከሚተርፈው ቀሪ ላይ አንድ መቀነስ ግድ ነው። ዘርአ ዳዊት አንዷን መቀነስ የረሳውን ሁሉ ሲያርምና ሲገሥጽ ከርሟል። ዛሬ ሰው ቆጥሮ አራት ሲያገኝ እጁ በልማድ አንድ ቀነሰ። ሊቅነቱ ዞሮ ሆዱ ላይ መጣ።

በጎጇቸው ደንብ ደግሞ ቆራሽ የሚያነሳው መጨረሻ ነው። ሦስቱ ድርሻቸውን አንስተዋል፤ ለእሱ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም ለሰነበተ ሰው፣ ጎረቤታቸው እመት ባፈና የላኩት የትኩስ ዳቦ ሽታ አልቅስ አልቅስ ያሰኛል።

«እንካ፣ ግማሼን ውሰድ» ይለዋል ኪዳነ ማርያም።

«የለም!» ይላሉ የኔታ። እሳቸው ጥርስ ስለሌላቸው ድርሻቸውን ቀድመው ትተዋል። «ያኔ የሁለታችሁ ያንሳል፣ የእነዚህ ይበልጣል። ያጎደለው ራሱ አስቦ ያስተካክል። ካልሆነለት ጦሙን ይደር!»

«ቶሎ በል እንጂ፣ ሊቁ! ዳቦው ቀዘቀዘ እኮ» ይላል ገብረአብ።

ዘርአ ዳዊት ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ሦስቱ ሲሶ እያንዳንዱ አራት ቢሆን አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ለአራት ሰው ሦስት ሦስት! ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

«ሁላችሁም የያዛችሁትን አራት ቦታ ቁረሱና አንድ አንዷን ለእኔ ስጡ። ለእናንተም ሦስት ሦስት ይቀራችኋል፣ እኔም ሦስት አገኛለሁ።»

የኔታ በጣታቸው እየቆጠሩ ስሌቱን ይፈትሻሉ።

«ይበል!» ይላሉ በመጨረሻ።

ወልደአረጋይ እያጉረመረመ፣ ገብረአብ እየሳቀ ሩብ ሩባቸውን ያቀብሉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የኪዳነ ማርያም ስትመጣ ግን የዘርአ ዳዊት ዓይን ይፈጣል። ይህች ሩብ አይደለችም፤ ግማሽ ለመሆን ምንም አልቀራት። ያ ሁሉ ስሌት ተበላሸ። ሊያርም አፉን ይከፍታል።

ኪዳነ ማርያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ያላምጣል።

ዘርአ ዳዊት በተከፈተው አፉ ዳቦውን ይጎርሳል።