ያልተነቃነቀው ዘጠና ሁለት

ከኮረብታው ማዶ ያለው መንገድ በትራፊክ መቆጣጠሪያው ክፍል ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ነው፤ በሰዓት ዘጠና ሁለት ኪሎ ሜትር። ይህን የሚነግረን የሾፌሮቹ ስልክ ነው። ከስሩ ደግሞ አስፋልት ውስጥ የተቀበረው ሽቦ የቆጠረው ይነበባል፦ ባለፉት ሃያ ደቂቃዎች ያለፈ መኪና፣ ዜሮ። የካሜራውን ዓይን በረዶ ሸፍኖታል።

ልጄ ብሪን በዚያ መንገድ ወደ ፈተናዋ ከወጣች ሃምሳ ደቂቃ ሆናት።

"ሌስሊ፣ መንገዱን እንዝጋው።"

አለቃዬ ከወንበሯ አትነሳም። "ጀመረሽ ደግሞ! ባለፈው ሳምንት 'ሬሳ ወድቋል' ብለሽ ያስዘጋሽን መንገድ ላይ የተገኘው የቆሻሻ ፌስታል ነው።"

"ሽቦው ዜሮ ይላል።"

"ሽቦው በየክረምቱ ይበጠሳል። ደንቡን ታውቂዋለሽ ዶሪን፤ ሁለት ምስክር ነው፤ ከሽቦው ሌላ አንድ አምጪና ይዘጋል።"

ለብሪን እደውላለሁ። አታነሳም። እየነዳሽ ስልክ ብትነኪ አላውቅሽም ብዬ ያስማልኳት እኔው ነኝ።

በሌሎቹ መንገዶች ላይ ቁጥሩ አንዴም አያርፍም፤ ሰባ አንድ፣ ስድሳ ስምንት፣ ሰባ ሦስት። ይሄ ዘጠና ሁለት ግን ከተቀመጥኩ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የሚነዳ ሰው እንዲህ አይረጋም።

ስጫነው ምንጩ ይከፈታል፦ ያለፉት ማክሰኞዎች አማካይ። ማሽኑ ከመንገዱ ወሬ ሲያጣ ከትዝታው ይሞላል።

ስልኮቹስ? አንድ ቦታ አስር ደቂቃ የቆየውን ስልክ፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቆሟል ብሎ ይጥለዋል። የተጣሉትን ካርታው ላይ አበራለሁ። ኮረብታው ስር ሠላሳ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰልፎ።

ሌስሊ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። "ዝጊው" ትላለች ቀስ ብላ።

እዘጋለሁ። ሬዲዮውን አነሳለሁ። "ጋርኔት፣ ኮረብታው ስር ሠላሳ አንድ መኪና በረዶ ውጦታል።"

"አንቺማ ስታጋንኚ ዕድሜሽ አለቀ" ይላል የበረዶ ጠራጊው ሾፌር።

"ዛሬ አላጋነንኩም።"

"መጣሁ በቃ።"

ነጥቦቹ ስም የላቸውም፤ ማንም እንዳይታወቅ እኛ ጋ ሳይደርስ ይፋቃል። ብሪን ሰባተኛዋ ትሆናለች እላለሁ፤ ደግሞ አስራ አራተኛዋ። ጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ፣ ለሙቀት ባስነሱት ሞተር ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ያነበብኩት ሁሉ ይመጣብኛል።

አርባ ደቂቃ ያልፋል።

ዘጠና ሁለት ይጠፋና ሦስት ይመጣል። ከዚያ አምስት። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። አረንጓዴው መስመር ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ሌስሊም ትከሻዬን ጨበጥ ታደርጋለች። በዚህ ክፍል ውስጥ ቀይ ሲመጣ ደስ ያለኝ ዛሬ ነው።

ሽቦው አንድ ይላል። እሱ ጋርኔት ነው። እስከ ሠላሳ ሁለት መቁጠር አለብኝ።