ፈቃዱ ተቀይሯል

ባሏ መቀየሩን ሚስት ከሰው ሁሉ በኋላ የምትሰማው ለምንድን ነው? ንጋቷ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘችም።

እሷ የሰማችው በቴሌግራም ነው። የደብረ ብርሃን እናቶች የእሹሩሩ ግጥም እያዋጡ በጋራ መጽሐፍ የሚሠሩበት ግሩፕ አለ። ንጋቷም ልጇን ስታስተኛ የምትለውን በድምፅ ልካለች። ያን ቀን ልጇን እንዳዘለች የአዘጋጇን የፅጌረዳን መልእክት ፊደል በፊደል ለቀመችው፦

«ፈቃዱ ተቀይሯል። ከእንግዲህ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ስማችሁን ግን መጥራት አለበት።»

ከሥሩ ሴቱ ሁሉ የጭብጨባ ምልክት ደርድሯል።

ባሏ ፈቃዱ ምሳውን እየበላ ነበር። የአረርቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ሰሞኑን ሽቶ መቀባት ጀምሯል።

«አንተ! ለሁሉም ክፍት ሆነሃል አሉ!»

ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰው። «ማ... ማን አለሽ?»

«አገር ምድሩ!»

በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። እንባዋን እየጠረገች ፅጌረዳ ቤት ደረሰች።

ፅጌረዳ ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳለች። «ንጉዬ! እንኳን መጣሽ፣ ያንቺንም ስም ላስገባ ስል ነበር።»

«የኔማ ከሁሉ በላይ ነው የሚሰፍረው! ለመሆኑ እስካሁን ማን ተጠቀመበት?»

«አንድ መዋዕለ ሕፃናት። በጣም ወደውታል።»

«አስተማሪዎቹ በሙሉ?»

«በየተራ ነዋ። ከምሳ በኋላ፣ በመኝታ ሰዓት።»

ንጋቷ የምትቀመጥበት ፈለገች። «ባሌን? ፈቃዱን?»

ፅጌረዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አንቺ! የመጽሐፉ ፈቃድ እኮ ነው! ድሮ ከኛ ውጪ ማንም እንዳይነካው የሚከለክል ነበር። አሁን የፈለገ ያዚመው፣ የፈለገ ያባዛው፤ ብቻ ግጥሙን የሰጠችውን በስሟ ይጥራ ተባለ። ያንቺን ሲሉ ‹ይህ የንጋቷ ነው› ይላሉ።»

ንጋቷ አፈረች፤ ደስታዋ ግን እፍረቷን በለጠው። ስሟ ሊጠራ ነው፣ ትዳሯም ደህና ነው። ያን ምስኪን ሰው በምን አፏ ይቅርታ ትጠይቀው? ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝታ ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ፈቃዱ በሩ ሥር ተንበርክኮ ጠበቃት። አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

«በእመብርሃን፣ ለሁሉም ያሉሽ ውሸት ነው! የአረርቲዋ ብቻ ናት።»

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ ሥጋውን ምን ታድርገው?