የቀኖናው ቀሪ ቃል

ሙሉውን እያወቀ ግማሹን ብቻ የሚናገር ሰው ዋሽቷል፤ የተናገረው ግማሽ እውነት መሆኑም ከበደል አያነጻውም። ቄስ ሐብተ ማርያም ይህን የተረዱት በጎንደር፣ በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ፣ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው።

ወገባቸውን ይዘው ዝቅ ሲሉ፣ ከማክሰኝት የመጣ በላቸው የሚባል ገበሬ ጋቢውን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ይቀመጡ አባ። እዚህ የተሰለፍነው ሁላችንም ሽንታችን ያመፀብን ነን፤ አንተፋፈርም።»

«እኔስ ወገቤን ነው። መስገድ አቃተኝ።»

«እኔም ወገቤን ነው ስል ነበር። ያጋለጠችኝ ሚስቴ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከደጅ ማንን ትጠብቃለህ ብላ።» በላቸው ሳቀ። «አሁን መርፌው ሸጋ አድርጎኛል። በሦስት ወር አንዴ ብቅ ብሎ መወጋት ነው።»

ቄስ ሐብተ ማርያም መርፌውን ያውቁታል። ከሁለት ዓመት በፊት ዶክተር ወንጌላዊት ደማቸውን አስመርምራ፣ የፕሮስቴት ዕጢያቸውን በኤምአርአይ አንስታ፣ ከተጠረጠረው ቦታ ላይ ናሙና ወስዳ ካንሰር መሆኑን ነግራቸው ነበር። «እንደ ድሮው በግምት አልወጋንም አባ፤ ቦታውን በምስሉ አይተነዋል። ገና ከዕጢው አልወጣም» አለቻቸው። «በሽታው የሚያድገው በወንድነት ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን በመርፌ አጥፍተን ጨረር ከጨመርንበት ከሥሩ ልንነቅለው እንችላለን።»

እርሳቸውን ግን የጨነቃቸው ሞት አልነበረም። ወንድነቱ በሐኪም እጅ የጠፋ ቄስ መቀደስ ይችላልን? ይህን የጠየቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአንድ መቅደስ አብረዋቸው የሚያገለግሉትን ቄስ ህሩይን። ህሩይም «የተሰለበ በመሠዊያው ፊት አይቁም ይላል ቀኖናው» ብለው ዝም አሉ።

ሐብተ ማርያም መጽሐፍ አልገለጡም። በልጅነታቸው ከኮሶዬ ወዲያ፣ በተማሪ ቤት ሳር ጎጆ ውስጥ፣ ሁለቱ በአንድ የበግ ቆዳ ደበሎ ሥር ሲያድሩ፣ አንዴ የሰማውን የማይረሳው ህሩይ ቃሉን ያወጣል፤ ትምህርት የሚከብደው ሐብተ ማርያም ከኋላው ይከተላል። ከቀፈፋ፣ ቁራሽ ለምነው ሲመለሱም ህሩይ ቁራሹን ለሁለት ቆርሶ የሚበልጠውን ለጓደኛው ይሰጥ ነበር። ከዚያ አፍ የወጣን ቃል ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር ለሐብተ ማርያም ወንድምን እንደ መክሰስ ነው። ስለዚህ መሠዊያውን መረጡ፤ ወደ ሐኪሟም የወገባቸው ሕመም ዛሬ እስኪያመጣቸው አልተመለሱም።

የመርፌ ክፍሉ በር ተከፈተና ነርስ ዝናሽ ብቅ አለች።

«አባ ህሩይ! ተራዎ ደርሷል፤ ለመርፌው ይግቡ!»

ከመተላለፊያው ጫፍ፣ ጋቢ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ተነሡ። ሐብተ ማርያምን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

«ምነው አባ፣ አይተዋወቁም እንዴ?» አለ በላቸው። «አባ ህሩይ እኮ የእኛ ባልንጀራ ናቸው። ዓመቱን ሁሉ አብረን ተወግተናል። ቅዳሴ አለብኝ እያሉ ይቸኩላሉ እንጂ ጨዋታ ያውቃሉ።»

«ባለፈው እሑድ ከጎኔ ቆመህ ቀደስህ» አሉ ሐብተ ማርያም።

«ቀደስሁ።»

«መርፌውን ተወግተህ።»

ህሩይ መጥተው ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ዝናሽ ደግማ ጠራች፤ አልተነሡም።

«እንግዲያ ቀኖናው ቀሪ ቃል አለው ማለት ነው» አሉ ሐብተ ማርያም።

«አለው።»

«ምነው ህሩይ? ምን በደልሁህ?»

«የቄሰ ገበዝነቱ ሹመት ወዳንተ እያዘነበለ ነበር» አሉ ህሩይ መሬት መሬት እያዩ። «ታክሞ ከመቅደስ ይወጣል፣ ሹመቱ ለእኔ ይሆናል ብዬ ነው። መቅደሱን መርጦ ሕክምናውን ይተዋል ብዬ ከቶ አላሰብሁም። ተውሁት ስትለኝ ደግሞ አፌ ተያዘ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ሐብተ ማርያም ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ደረቡ። ኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በል እንደ ጎጆው አውጣልኝ። ልከተልህ።»

ህሩይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ድምፁ አላረጀም፤ በደበሎው ሥር የነበረው ያው ነው።

«ስለ ደዌው በሐኪም እጅ የሆነበት ግን...»

«ስለ ደዌው በሐኪም እጅ የሆነበት ግን...»

«በክህነቱ ይጽና።»

«በክህነቱ ይጽና» አሉ ሐብተ ማርያም። እርጥብ ሳርና የበግ ቆዳ ሸተታቸው፤ የኮሶዬ ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ ሲገባ ተሰማቸው።

በላቸው ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አወለቀና «አሜን» አለ።

በዚያው ቀን ዶክተር ወንጌላዊት አዲሱን ምስል አሳየቻቸው። በሽታው ከአከርካሪያቸው ደርሷል። መርፌውና አዲሱ ክኒን ተደርበው ለጊዜው ይገቱታል፤ ከሥሩ የሚነቀልበት ዘመን ግን አልፏል። ቄስ ሐብተ ማርያም መርፌውን ተወጉ፤ እሑድም ቀደሱ።

ቄስ ህሩይ በደላቸውን በደብሩ ካህናት ጉባኤ ፊት ተናገሩ። ጉባኤውም ከመቅደስ አገልግሎት ዕድሜ ልካቸውን አገዳቸው። ሕመማቸው ተገትቶላቸዋል፤ መርፌያቸውንም በየሦስት ወሩ ይወጋሉ። በየእሑዱ ከቅጽሩ በር ውጭ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ ይቆማሉ፤ የሐብተ ማርያም ድምፅ ከውስጥ ሲመጣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉታል።